ድጎማው ቀረ፣ ጫቱና አረቄው ግን አልቀረም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። በአካል ጉዳት ወይም በጤና ማጣት ምክንያት በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያገኝ የነበረ፣ ጫት ወይም መጠጥ የጸናበት ሰው ገንዘቡ ሲቋረጥ ምን ይሆናል? ብዙ ቤተሰብ፣ ብዙ የቀበሌ ሰውም ጭምር፣ «ገንዘቡ ሲቀር ሱሱም ይቀራል» ብሎ ያምናል። እውነታው ሌላ ነው። መጀመሪያ የሚቀረው ምግቡ ነው። ቀጥሎ የቤት ኪራዩ፣ ከዚያ መድኃኒቱና የሐኪም ቀጠሮው ይቀራሉ። ጫቱና አረቄው የሚቀሩት ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ አረቄው ደግሞ ድንገት መቅረቱ ራሱ ሰው ሊገድል ይችላል። ከወልድያ የተላከውን ደብዳቤ ያስቀደምነው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ 63 ዓመታቸው ነው። የቀድሞ ወታደር ናቸው፤ እግራቸው ተጎድቶ በጉዳት ጡረታ ነው የሚኖሩት። በማስረጃ ጉድለት ምክንያት ጡረታቸው ሁለት ወር ሳይገባ ቀረ። አረቄ የሚወስዱባት ሴትም ዱቤ ከለከለቻቸው። እኛማ ደስ ብሎን ነበር። በማግስቱ ግን እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፣ ላብ በላብ ሆኑ። ሌሊቱን ደግሞ «ግድግዳው ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል» እያሉ አላስተኙንም። ጎረቤቱ «ሱሱ እየወጣላቸው ነው፣ ዝም በሏቸው» ይለናል። ዝም እንበል?
ልጃቸው፣ ከወልድያ

መልስ፦ እህታችን፣ በዚህ ዝም አይባልም። ደብዳቤሽ እንደደረሰን «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው» ብለን በስልክ ነግረንሻል፤ እዚህ የምናትመው ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው ሌላ ቤት ነው።

ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው አንጎሉ ከአልኮሉ ጋር ተላምዶ ነው የሚሠራው። አልኮሉ ያደነዝዛል፣ አንጎሉ ደግሞ ያንን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል። አረቄው ድንገት ሲነሳ ማደንዘዣው ይጠፋና መነቃቃቱ ብቻውን ይቀራል። ከመጨረሻው መለኪያ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይመጣል፣ ሆድ ይገላበጣል፣ ልብ ይመታል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊነሳ፣ የሌለ ነገር ሊታይ ወይም ሊሰማ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ ከሁሉ የከፋው ይመጣል፦ ሰውየው የት እንዳለና ቀኑ ምን እንደሆነ ይጠፋዋል፣ ያተኩሳል፣ ይቅበዘበዛል። እዚህ ደረጃ ደርሶ ካልታከመ ሊሞት ይችላል። ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ ከዚህ በፊት ሲያቆም ተንፈራግጦ የሚያውቅ፣ ወይም ውሃ እንኳ የማይረጋለት ሰው ደግሞ ይበልጥ ያሰጋል።

ሆስፒታል ስትደርሱ አንድ ነገር አትደብቁ፦ በየቀኑ እንደሚጠጡ፣ በቀን ስንት መለኪያ እንደሆነና የመጨረሻውን መቼ እንደጠጡ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰብ ስለሚያፍር «አተኮሳቸው፣ ይቃዣሉ» ብቻ ይላል። ከዚያ የወባና የታይፎይድ ምርመራ እየታዘዘ ወሳኙ ቀን ያልፋል። የታወቀለት ሰው የሚሰጠው መድኃኒት ዳያዜፓም ወይም የእሱ ቤተሰብ የሆነ ነው፤ መጠኑ በሐኪም እየተቀነሰ አንድ ሳምንት ገደማ ይወሰዳል። ከእሱ ጋር የቫይታሚን ቢ1 መርፌ ይሰጣል፤ የስኳር ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት መሰጠት አለበት። ብዙ የሚጠጣ ሰው በአብዛኛው በቂ ምግብ ስለማይበላ ይህ ቫይታሚን ያልቅበታል፣ ያለ እሱ ስኳር ሲገባም አንጎል ሊጎዳ ይችላል። ይህን ማስታወስ ነውር የለውም፤ «ቢ1 ተሰጥቷቸዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

በመንገድ ላይ ቢንፈራገጡ በጎናቸው አስተኟቸው፣ ሰዓት ያዙ፣ አፋቸው ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪት ጭራችሁ አታሽቷቸው። በገመድ አትሰሯቸው፤ የታሰረ ሰው ሲታገል ሙቀቱ ይጨምራል። ጸበልም ሆነ ዱዓ የሚፈልግ ቤተሰብ ከሆስፒታል በኋላ ይሂድ። በእነዚያ አራት ቀናት በባዶ ሆድና በጥም ማቆየት ግን አደጋ ነው። ከፋርማሲ ራሳችሁ ገዝታችሁ የማስተኛ ክኒን አትስጧቸው፤ ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል።

በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ የማይቻልበት ገጠር ቢሆንና ሰውየው ገና እጁ ብቻ የሚንቀጠቀጥ፣ አእምሮው ግን በቦታው ያለ ከሆነ፣ መጠጡን አንዴ ከማቆም በአንድ መለኪያ እየለኩ በየቀኑ ከአሥር አንድ ያህል መቀነስ ይሻላል። ለምሳሌ በቀን 10 መለኪያ ይጠጣ የነበረ በማግስቱ 9፣ ከዚያ 8 እያለ ይወርዳል። አእምሮው የተዛባ ወይም የተንፈራገጠ ሰው ግን በአፉ ምንም አይሰጠው፣ ይታነቃል።

የጡረታውንም ነገር አልረሳነውም። ማስረጃው ሲስተካከል የሁለቱ ወር ውዝፍ በአንድ ጊዜ ሊገባ ይችላል። አባትሽ በዚያን ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት አረቄ ያልቀመሱ ይሆናሉ፤ ሰውነታቸው የቀድሞውን መጠን አይችለውም፣ እጃቸው ግን የሚያውቀው የቀድሞውን መጠን ነው። ውዝፉ የሚገባበትን ቀን ቀድማችሁ እወቁ፤ በዚያ ቀን ከባንክ እስከ ቤት ብቻቸውን አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ ነው። በሴፍቲኔት የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ነበር። ዘንድሮ ተጠቃሚ ሲለይ «ብሩን ለጫት ነው የሚያውለው» ተብሎ ስሙ ወጣ። እውነት ነው ይቅማል፣ አልዋሽም። አሁን ግን ከድሮው ብሶበታል፤ ገራባ (የጫት ትራፊ) እየለቀመ፣ በርጫ ቤት (ጫት መቃሚያ) እየተላላከ ይውላል። ሥጋው አልቋል። አቤት ብል ይሰማኛል?
ከተሁለደሬ

መልስ፦ አብሽሪ፣ ይሰማሻል፤ ነገሩን በወጉ ከያዝሽው።

«ብሶበታል» ያልሽው የሚገርም አይደለም። ጫት የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። እህል የሌለው ሰው ቅጠል ካገኘ ረሃቡ ለጊዜው ይጠፋለታል፣ ስለዚህ ምግቡ በቀነሰ ቁጥር ጫቱ ይበልጥ ያስፈልገዋል። ገራባ ደግሞ በነፃ ወይም በመላላክ ይገኛል፣ በቆሎ ግን በነፃ አይገኝም። ድጋፉ ሲቋረጥ ጫቱ ሳይሆን ምሳው የቀረው ለዚህ ነው። ምሽት ላይ ምርቃናውን ለማብረድ ጨብሲ (መጠጥ) ከገባበት ደግሞ ሁለተኛ ሱስ ተጨመረ ማለት ነው።

አሁን ወደ አቤቱታው። የገጠር ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው መለኪያ የምግብ ክፍተት፣ የመሥራት አቅምና የደጋፊ መኖር አለመኖር ነው። ጠባይ መለኪያ አይደለም። ጉልበት ያለው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን መሥራት የማይችል አካል ጉዳተኛ፣ አረጋዊና የማይድን ሕመም ያለበት በቀጥታ ድጋፍ ይያዛል። ስለዚህ «ይቅማል» የሚለው ብቻውን ከመዝገብ አያስወጣም።

ግን አንድ ነገር አጣሪ። ብዙ ጊዜ በአፍ የሚነገረው ምክንያት ጫት ሆኖ በወረቀት ላይ ያለው ሌላ ነው፦ «ጧሪ አለው»። ወንድምሽ ካንቺ ጋር ማደር ከጀመረ በኋላ ካንቺ ቤተሰብ ጋር ተደምሮ ተቆጥሮ ይሆናል። ይህ ከሆነ ስለ ጫት ብትከራከሪ ቀኑን ሙሉ ብትናገሪ ዋጋ የለውም። መጀመሪያ ቀበሌ ሄደሽ በየትኛው ቤተሰብ ሥር እንደተመዘገበና የወጣበት ምክንያት በጽሑፍ ምን እንደሚል ጠይቂ።

አቤቱታው የሚቀርበው ተጠቃሚ ለለየው ግብረ ኃይል አይደለም፤ ለቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው። ሁለቱ የተለያዩ አካላት እንዲሆኑ የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ሦስት ነገር ይዘሽ ሂጂ፦ እግሩ በመቆረጡ የማኅበረሰብ ሥራ መሥራት እንደማይችል የሚገልጽ የጤና ጣቢያ ወረቀት፣ መሬት ካለው ማን እንደሚያርሰውና የሲሶ ይሁን የእኩል ምን እንደሚያገኝ፣ እና በዓመት ስንት ወር እህል እንደሚጎድለው የሚመሰክሩ ሁለት ጎረቤቶች። መቃሙን አትካጂ። ቀበሌው የሚያውቀውን ነገር የካደ ሰው የቀረውንም አያምኑትም። ይልቅ «አዎ ይቅማል፤ ስለዚህ ክፍያውን በተወካይ እኔ ልቀበልለት፣ እህል ገዝቼ አሳያለሁ» በይ። ለራሱ መምጣት የማይችል የቀጥታ ድጋፍ ተጠቃሚ ተወካይ ሊኖረው ይችላል፤ ይህን ስትይ ኮሚቴው ስሙን የሚመልስበት በቂ ምክንያት ያገኛል። ቀበሌ እምቢ ካለ ወደ ወረዳ ይቀጥላል፤ የቀበሌው ውሳኔ ግልባጭ በእጅሽ ይኑር።

እስከዚያው የጤና መድህኑ እንዳያልፍበት። ተሁለደሬ በ2003 ዓ.ም. የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ከተሞከረባቸው ከአማራ ክልል ሦስት ወረዳዎች አንዷ ናት፣ ስለዚህ አሠራሩ ለጤና ጣቢያችሁ አዲስ አይደለም። መክፈል ለማይችሉ መዋጮው በመንግሥት ይሸፈናል። የሴፍቲኔትና የመድህን መዝገብ የተለያዩ ናቸው፤ ከአንዱ ወጣ ማለት ከሌላው ወጣ ማለት አይደለም፣ ግን ካልተከታተላችሁት ካርዱ ሳይታደስ ያልፋል። በጫት ላይ የአእምሮ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ ካርድ ማለፍ ማለት መድኃኒት ማቆም ነው። ከዚያ በኋላ «ይከታተሉኛል፣ ሊገድሉኝ ነው» የሚለው ነገር በሳምንታት ውስጥ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

ጫቱን ራሱ ማቆም ከፈለገ፣ እንደ አረቄ ለሞት የሚያሰጋ ነገር የለውም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ድካም፣ እንቅልፍ ማብዛት፣ ድብርት፣ ሌሊት ዱካክ (ቅዠት) ናቸው፤ አብዛኛው በሁለት ሳምንት ይቀላል። በእነዚያ ቀናት መሞትን የሚናገር ከሆነ ብቻውን አይደር፤ በማግስቱም ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ሦስት ጣቱን ቆረጠው። የሕመም ጊዜ ክፍያ ለአራት ወር ሲያገኝ ቆየ። ከዚያ «ጠጥቶ ይመጣል፣ ቁስሉን በቀጠሮ አያሳጥብም» ብለው አቆሙ። አሁን ደግሞ «ድሮም የተጎዳው ሰክሮ ነው» ማለት ጀምረዋል። እሱ መጠጣት የጀመረው ከአደጋው በኋላ በሕመሙ ምክንያት ነው።
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ለየብቻ ይያዙ።

የመጀመሪያው፣ የተቋረጠው ክፍያ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ላይ ጉዳት ለጊዜው መሥራት ያልቻለ ሠራተኛ እስከ አንድ ዓመት እንዲከፈለው ያዛል፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ያው አዋጅ ግን ሠራተኛው የሕክምና ምርመራውን ቸል ካለ ወይም መዳኑን የሚያዘገይ ጠባይ ካሳየ ክፍያውን ማገድ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ይታገዳል እንጂ አይሰረዝም። ምክንያቱ ሲወገድ ክፍያው ይቀጥላል። የታገደበት ጊዜ ገንዘብ ግን ወደኋላ ተመልሶ አይከፈልም። እያንዳንዱ ሳምንት የጠፋ ሳምንት ስለሆነ ክርክሩን ለነገ አትተዉት። ነገውኑ ቁስሉን ይታይ፣ የታየበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት ይያዝ፣ ቀጠሮውን ሁለት ሦስት ጊዜ ሳያዛንፍ ይገኝ። ከዚያ «ሕክምናዬን ቀጥያለሁ፣ ክፍያዬ ከዚህ ቀን ጀምሮ ይቀጥል» የሚል ደብዳቤ በሁለት ግልባጭ አስገብቶ በአንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ቀን ያስመዝግብ። እምቢ ካሉ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ ቀጥሎ የከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ የሥራ ክርክር ችሎት አለ።

ሁለተኛው፣ «ሰክሮ ነው» የሚለው። ሕጉ ይህን ምክንያት ያውቀዋል፣ ግን የሚጠይቀው ጠጥቶ ነበር ወይ ብሎ ብቻ አይደለም። ሰውነቱን በሚገባ መቆጣጠር ወይም ነገርን ማስተዋል በማይችልበት ሁኔታ ሰክሮ ሥራ ላይ መገኘት ነው መለኪያው። በዚያ ቀን ወደ ፈረቃው ያስገባው ኃላፊ ማን ነው? እንዲህ የሰከረ ሰው ማሽን ላይ ያቆመው ማን ነው? በዚያው ሰዓት የተከፈተው የሆስፒታል ካርድ ስለ መጠጥ ምን ይላል? ካርዱ ባዶ ከሆነ፣ ፋብሪካው በጊዜው ባቀረበው የአደጋ ሪፖርት ላይም ካልተጻፈ፣ ከአራት ወር በኋላ የመጣ ወሬ ነው። የካርዱን ግልባጭ ዛሬ ያውጡ፤ ከባለቤትዎ ጋር በዚያ ፈረቃ የነበሩ የሥራ ባልደረቦችን ስምም ጻፉ፤ ሰው ሥራ ይቀይራል።

የጉዳቱ መጠን በሐኪሞች ቦርድ የሚወሰነው በተቻለ መጠን አደጋው ከደረሰ በ12 ወር ውስጥ ነው። ባለቤትዎ ቦርድ ፊት ጠጥቶ እንዳይቀርብ እንለምንዎታለን። ቦርዱ የሚለካው እጁን ነው፣ ቢሆንም ሰክሮ የመጣን ሰው እጅ በትክክል መመርመር አይቻልም፣ ቀጠሮውም ይራዘማል።

ሕመሙን በአረቄ ማስታገሱ ይገባናል። የተቆረጠ ጣት ነርቭ ሌሊት እንደ እሳት ያቃጥላል፤ ፓራሲታሞል አይበግረውም። ለነርቭ ሕመም የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለና «የነርቭ ሕመም ነው» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር፤ መጠጣቱንም ይናገር። ትራማዶል የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከመንደር ገዝቶ ከአረቄ ጋር መውሰድ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ሊያንፈራግጥ፣ ትንፋሽም ሊያቆም ይችላል።

ጥያቄ፦ አጎቴ አሜሪካ ነው የሚኖረው። የአካል ጉዳት ክፍያው ሊቋረጥ ነው የሚል ደብዳቤ ደረሰው፤ «በመጠጥ ምክንያት ነው» ይላል። እዚያ አገር በመጠጥ ይቆረጣል እንዴ? ደሴ መጥቶ ትንሽ ቢያርፍስ ብለን አስበን ነበር።
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ መጀመሪያ የመጨረሻውን እንመልስ፦ ለደብዳቤው መልስ ሳይሰጥ አይምጣ። ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ለድሆች የሚከፈለው ክፍያ ከሆነ፣ ከአሜሪካ ውጭ 30 ተከታታይ ቀን የቆየ ሰው ክፍያው ይቆምበታል፤ ተመልሶ 30 ተከታታይ ቀን እስኪቆይም አይጀምርለትም። ሠርቶ ባዋጣው ላይ ተመሥርቶ የሚከፈለው ሌላኛው ዓይነት የተለየ ደንብ አለው፤ የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው አናት ላይ ተጽፏል።

በመጠጥ ይቆረጣል ወይ ላልከው፣ ታሪክ አለው። እዚያ አገር ሱስ ራሱ እንደ አካል ጉዳት ተቆጥሮ የሚከፈልበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1996 የወጣ ሕግ ይህን አስቀረ፤ ከጥር 1997 ጀምሮ ሱሳቸው የአቅም ማጣታቸው ወሳኝ ምክንያት ነው የተባሉ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ክፍያ እንዲቆም ተደረገ። በሌላ ሕመም እንደገና አመልክተው በመጀመሪያው ዓመት የተመለሱት ከሦስት አንድ ያህሉ ናቸው። ከቀሩት መካከል ሥራ የያዙ ነበሩ፤ ብዙዎቹ ግን ያጡትን ገቢ በሥራ ሊተኩት አልቻሉም፣ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷቸው በዘመድና በመጠለያ የተንከራተቱም ነበሩ። በዚያን ጊዜ በብዙ ግዛቶች ክፍያውና ሜዲኬይድ የተባለው የድሆች ሕክምና የተያያዙ ስለነበሩ፣ ክፍያው ሲሄድ የሱስ ሕክምናውም ተያይዞ የሚሄድበት ሁኔታ ነበር። ሰውን ከሱሱ የሚያወጣውን ነገር በሱሱ ምክንያት መንጠቅ ማለት ይህ ነው፤ ከተሁለደሬ የተጻፈው ደብዳቤም ከዚህ አይለይም።

ያ ሕግ ዛሬም ይሠራል። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ አጎትህ ዛሬ መጠጡን ቢተው ኖሮ አሁንም መሥራት አይችልም ነበር ወይ? አይችልም ከተባለ ክፍያው ይቀጥላል። መጠጡ ያመጣው ጉዳት እንኳ ቢሆን፣ ቢተወውም የማይመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የጉበት መጠጠር ወይም የነርቭ መጎዳት፣ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ይግባኙ ላይ መጻፍ ያለበት «አልጠጣም» የሚል ሳይሆን መጠጥ ባቆመባቸው ሳምንታት ውስጥ፣ በሆስፒታል ተኝቶም ቢሆን፣ ሕመሙ እንደነበረ የሚያሳይ የሐኪም መዝገብ ነው። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ መጠጡን በመካድ ጊዜውን ይጨርሳል።

ቀኖቹ እንዳያልፉ። ይግባኝ ለማለት ደብዳቤው ከደረሰው ጀምሮ 60 ቀን አለው። ነገር ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ክፍያው እንዲቀጥልለት ከፈለገ በ10 ቀን ውስጥ ይህንኑ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። ቢሸነፍ በዚያ መሃል የተከፈለው እንዲመለስ ሊጠየቅ ይችላል፤ ይህንንም አውቆ ይግባ።

ጥያቄ፦ ልጄ በመኪና አደጋ አካሉ ተጎድቶ በየወሩ ገንዘብ ያገኛል። በተቀበለ በሦስት ቀን ያልቅበታል። ገንዘቡን እኔ ልያዝለት ብል ሕግ ይፈቅዳል?
እናት፣ ከመርሳ

መልስ፦ እናታችን፣ ይፈቅዳል፤ ቀላል መንገድና ከባድ መንገድ አለው። ቀላሉ ውክልና ነው። ልጅዎ ሳይጠጣ፣ በፈቃዱ፣ ሰነድ በሚያረጋግጥ ጽሕፈት ቤት ቀርቦ «ይህን ክፍያ እንድትቀበልልኝ» ብሎ ይፈርማል። ውክልናው ይህን አንድ ክፍያ ብቻ ይጥቀስ፤ ቤቱንና መሬቱን አይጨምር። በፈለገ ጊዜ ሊሽረው እንደሚችል አስቀድሞ ይንገሩት፤ ሰው በሩ ክፍት መሆኑን ሲያውቅ ለመፈረም አይፈራም። ከባዱ መንገድ ፍርድ ቤት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ዘወትር የሚሰክርን ሰው እንደ ነገሩ ሁኔታ አእምሮው እንደታወከ ሰው ሊቆጥረው ይችላል፤ ፍርድ ቤት ሲከለክለው ንብረቱን የሚያስተዳድር ሰው ይሾምበታል። ይህ ስሙን፣ መፈረሙን፣ መዋዋሉን ሁሉ ይነካል። ሌላው ሁሉ ካልሠራ በቀር አንመክረውም።

ገንዘቡ በእጅዎ ሲገባ ሙሉውን አይያዙበት። ምንም የማይሰጠው ሰው የቤት ዕቃ መሸጥ ይጀምራል፣ ጠቡም ከእርስዎ ጋር ይሆናል። በተቀበሉበት ቀን፣ ወደ ቤት ሳይገቡ፣ ኪራዩን ለአከራዩ ይክፈሉ፤ እህሉን ይሸምቱ። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህልና 4 ኪሎ ጥራጥሬ ይያዙ፤ ሴፍቲኔቱም በዚህ ልክ ሲሰላ ቆይቷል። ዘይቱንና ሳሙናውን ይጨምሩ፣ የመድኃኒቱን ለብቻ ይቋጥሩ። ከሚቀረው ጥቂቱን በአራት ይክፈሉና በየሳምንቱ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ ይስጡት፤ ምን እንደሚያደርግበት አይጠይቁት። ወጪውን በደብተር ይጻፉ፤ ማንበብ የሚችል ከሆነ እሱ ራሱ ይጻፈው።

ገንዘቡን የሚይዘው ሰው ጫት የሚሸጥ፣ አረቄ የምታወጣ ወይም ለልጅዎ የሚያበድር መሆን የለበትም። የባንክ ደብተሩን ወይም ካርዱን በመያዣነት የወሰደ አበዳሪ ካለ ዛሬውኑ ያስመልሱ፤ እንዲህ በተያዘ ካርድ ገንዘቡ ቤት ሳይደርስ ወደ ዕዳ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቅሬያችን (ዕድራችን) ውስጥ ድጎማው የቀረበት አንድ አካል ጉዳተኛ አለ። መዋጮ ካቆመ አምስት ወር ሆነው፤ የሚያገኘውንም ይጠጣበታል። ደንቡ ይሰረዝ ይላል። ምን እናድርግ?
የቅሬ ጸሐፊ፣ ከኩታበር

መልስ፦ አትሰርዙት። አምስቱን ወር በውዝፍነት ያዙት፣ ድጎማው ሲመለስ በትንሽ በትንሹ ይክፈል፤ ደንቡ ካላስኬደ በጉባኤ አንድ መስመር ጨምሩበት። ሁለት ሰው መርጣችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ከእሱ ጋር ቀበሌ ይሂዱ። ብቻውን ሲሄድ «ነገ ና» ይባላል፤ የቅሬ ዳኛ አብሮት ሲቆም ግን መዝገቡ ይወጣል። ከመሄዳቸው በፊት ምሳ አብሉት። ጠዋት ከጠጣ ደግሞ በማግስቱ ይሂዱ።